የዜማ ምልክት ኖታ አይደለም፤ እንዲሆንም አይጠበቅበትም

«ኖታን ከአውሮፓ በፊት የጻፍነው እኛ ነን» የሚለው ክርክር በየጊዜው ያገረሻል። ክርክሩ ሁለት ነገር ይደባልቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑን ትውፊቱ ይነግረናል። ዛሬ በድጓው፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ቃላት ራስ ላይ ደቀቅ ብለው የሚታዩትን ፊደላት ግን ሊቃውንቱ የሚሰጡት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ነው። ለነገሩ ከቀዳሚነቱ ይልቅ የሚደንቀው አሠራሩ ነው።

ይዘት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የመሳሰሉት ምልክቶች ስማቸው ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ያዝ፣ ሂድ፣ ቁረጥ። ይዘት አንዲት ነጥብ ናት፣ ድምፅን የሚያርገበግበው ርክርክ የነጥቦች ሰልፍ። ፊደላቱ ግን ሌላ ናቸው። ከአንድ የታወቀ የድጓ ቃል አንድ ሁለት ፊደል ተቆርጦ በሌላ ቃል ላይ ይቀመጣል፤ «የዚያን ዜማ እዚህ አምጣው» ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቃል ከነዜማው በቃሉ ያልያዘ ሰው ፊደሉን ቢያነብም አያዜምም። ጸሐፊው ፊደሏን ወደ ጎረቤት ቃል ቢያንሸራትታት ስህተቱን የሚይዘው የመሪጌታው ጆሮ እንጂ ብራናው አይደለም።

አውሮፓም የተነሣችው ከማስታወሻ ነው። የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምልክቶቿ መስመር ስላልነበራቸው ድምፁ ወጣ ወይም ወረደ ከማለት አልፈው ምን ያህል እንደሆነ አይናገሩም ነበር። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው መነኩሴ የአሬዞው ጊዶ «ፋ» የተባለውን ድምፅ በቀይ፣ ያኔ «ኡት» የሚባለውን «ዶ» በቢጫ መስመር ሲለይ ነው ዘማሪ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከገጹ ማንሣት የቻለው። የድምፁን ቆይታ ከኖታው ቅርጽ ለማንበብ ደግሞ እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እስከ ዜማ ሊቁ የኮሎኙ ፍራንኮ ደንብ መጠበቅ ነበረበት።

አሁን ድጓውን የዛሬው ኖታ ወደሚጻፍበት ወደ አምስቱ መስመር «እናሳድገው» የሚሉ አሉ። ርክርክ በደቃቅ ኖታ ተቆጥሮ ሲሰፍር የአንድ መሪጌታ የአንድ ቀን ጉሮሮ ሕግ ይሆናል። ዜመኛ ከሚመቸው ከፍታ ይነሣል፤ የኖታ አንባቢ ግን የመስመሮቹን ድምፅ የሚወስነውን ምልክት፣ ቁልፉን፣ አይቶ ከተጻፈው ድምፅ ካልጀመርኩ ይላል። ለጥናት ከሆነ ይጻፍ። ያለ ከበሮና ጸናጽል በሚዜመው ቁም ዜማ ላይ ግን ቃሉ እንጂ ምት ስለማይመራ የምት መለያ ቋሚ መስመር አይግባበት፤ የመነሻው ድምፅ ከየትኛው የድምፅ ቅጂ እንደተወሰደም ይገለጽ። የድጓው ፊደል ከመስመሩ በላይ እንዳለ ይቀመጥ። እሱ ከቀረ ቃሉ ዜማውን ከየትኛው ቃል እንደተዋሰ የሚያሳየው ክር ይበጠሳል፤ አምስቱ መስመር ለዚያ የሚሆን ቦታ የላቸውም።