አበበ ነኝ፣ ግን ያኛው አበበ አይደለሁም!

ስሜ አበበ ነው። የአባቴም ስም ቢሆን በየሰፈሩ የሞላ ነው። ስሜን እወደዋለሁ፤ ያወጣችልኝ አያቴ ናት፣ ልቀይረውም አላስብም። ያንገሸገሸኝ ሁለት ስም ብቻ አይቶ «አንተ ነህ» የሚል መሥሪያ ቤት ነው።

ሰሞኑን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሥራዬ ብየዳ ነው። በር፣ መስኮት፣ የግቢ አጥር እሠራለሁ። ከደንበኛ ቀብድ ተቀብዬ ላሜራና ቱቦላሬ ልገዛ ባንክ ስገባ ሒሳብህ ታግዷል አሉኝ። ለምን? ከፍርድ ቤት እግድ መጥቷል። በማን ላይ? በአበበ ላይ። በኋላ ሲጣራ ሰውዬው የሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ ዕዳ አለበት፣ ክርክር ላይ ነው። እኔ በሕይወቴ ፎቅ ሠርቼ አላውቅም። የአያታችን ስም አይገናኝም፣ የትውልድ ዘመናችን አይገናኝም። የሚያናድደው ደግሞ ደብዳቤው ላይ የሰውዬው የአያት ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል! ያየው ሰው የለም። ሁለቱን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፉ፣ የመጣውን ሁሉ አገዱ፣ አለቀ።

ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንተ አለመሆንህን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ።» ወረዳ ሄድኩ። «አንተ አንተ መሆንህን እንጽፍልሃለን፣ ሌላ ሰው አለመሆንህን ግን አንጽፍም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ምን ያድርጉ? እስከዚያ ግን ሠራተኞቼ ደመወዝ ይጠብቃሉ፣ ደንበኛው በየቀኑ እየደወለ በሬን አምጣ ይላል፣ የብረት ዋጋ ይጨምራል፣ እኔ ላቤን አንጠፍጥፌ ያገኘሁትን ብር በዓይኔ እያየሁ መንካት አልችልም። ስህተቱን የሠራው ሌላ፣ ማስረጃ ፍለጋ የሚንከራተተው እኔ። ይሄ ፍትሕ ነው?

ባንኩስ ባንክ ነው፣ የጤናው ይብሳል። አንድ ክሊኒክ ስሄድ ካርድ ክፍሉ የሌላ አበበ ካርድ አውጥቶ ላከልኝ። ሐኪሟ «የስኳር መድኃኒቱን በትክክል እየወሰድክ ነው?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ስኳር የለብኝም። አፍ ስላለኝ ተናገርኩ፣ ካርዱም ተመለሰ። ራሱን ስቶ በቃሬዛ የገባ ሰው ቢሆንስ? ቋንቋውን የማይችል፣ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ቢሆንስ? ያ ስኳር ያለበት ሞክሼዬም እኮ የእኔ የደም ውጤት እሱ ካርድ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደግሞ የሕፃናት ሐኪም የሆነ ሞክሼ አለኝ። አንድ ሰው ስልኬን «ዶክተር አበበ» ብሎ የሆነ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎታል። ሌሊት እናቶች ይደውላሉ። «ዶክተር፣ የልጁ ትኩሳት አልወርድ አለ» ትለኛለች አንዷ እያለቀሰች። እኔ ብየዳ ሠሪ ነኝ እህቴ፣ ቶሎ ሆስፒታል ውሰጂው እላለሁ። የምሸሻት መስሏት ትለምነኛለች። ስልኩን ስዘጋ ልቤ ይደማል። ቁጥር ከመለጠፋችሁ በፊት አንዴ ደውላችሁ ብታረጋግጡ ምን አለበት?

የአንድ ስም ሰዎች አንድ ሰው አይደሉም። ይሄ እንዴት ይጠፋል? በ1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ያ የሸዋ አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። አበበ መለሰ ለስንቱ ዘፋኝ ዜማ ሠርቷል፣ አበበ ባልቻ ስንት ዓመት ተውኗል። አንደኛ ክፍል ፊደል ስንቆጥር በሶ የበላውም አበበ ነው። ወታደሩም፣ ሹፌሩም፣ መምህሩም አበበ ነው። ሁሉም የየራሱ ሥራ፣ የየራሱ ዕዳ፣ የየራሱ በሽታ አለው።

ችግሩ እንደሚመጣ ደግሞ ድሮም ታውቋል። በዚያው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም ይኑረው ይላል። ሕዝቡ አልተቀበለውም፣ ወረቀት ላይ ቀረ። እኔም አልፈልገውም፤ ስም በአባትና በአያት መቆጠሩ የኛ ነው፣ ይቆይ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ የአባታቸው ስም «ላስት ኔም» ሆኖባቸው ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በስም ሳይገናኙ በየኤርፖርቱ ሲያስረዱ ይኖራሉ፤ ያ የራሱ ጣጣ ነው።

ግን አሁን ምን ምክንያት አለ? ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ። የጣት አሻራችንን ሰጠን፣ ዓይናችንን ተነሳን፣ ለእያንዳንዳችን ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ተሰጠን። ባንኩም ከሒሳቤ ጋር አገናኝ ብሎኝ አገናኝቻለሁ። ታዲያ ለማገድ ሲሆን ያንን ቁጥር ማን ከለከላችሁ? ፍርድ ቤቱስ ደብዳቤ ሲጽፍ ቁጥሩን ለምን አይጨምርም? ቁጥር የሌለው ሰው እንኳ የአያት ስም አለው፣ የትውልድ ዘመን አለው፣ የእናት ስም አለው፣ ስልክ አለው።

ባንክ መስኮት ላይ የምትቀመጡ፣ ካርድ ክፍል የምትሠሩ፣ እባካችሁ። ወረፋው እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፣ ሥራችሁ ከባድ ነው። ግን የአያት ስም መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከተሳሳታችሁም እናንተው አስተካክሉት፣ ደብዳቤ አምጣ ብላችሁ ሰውን ከቢሮ ቢሮ አታንከራትቱ። የእኔ ሒሳብ አሁን ተከፍቷል። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም፤ ነገ ሌላ እግድ ቢመጣ መልሰው እንደማይዘጉትም ማንም አላረጋገጠልኝም።