ሴንሰር ለምኔ

መካኒኩ ጋሼ ሌባ ጣታቸውን የመኪናዬ ጭስ ማውጫ ውስጥ ከተቱ። አንዴ አዙረው አወጡት። ጥላሸቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ኮፈኑን የከበብን ሰባት ስምንት ሰዎች ፀጥ አልን። ቡና የሚቀምስ ባለሙያ እንኳ እንዲህ አይመሰጥም።

«ቤንዚን በዝቶባታል» አሉ።

ካቻቢቴያቸውን ከኋላ ኪሳቸው መዘዙ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡራተሯን ብሎን ሩብ ዙር ጠበቅ አደረጉት። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው አዳመጡ። ግማሽ ዙር መልሰው ፈቱት።

«በቃ። አሁን እንደ ሰዓት ናት።»

ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ልብ በሉ፤ ሩብ ጠብቆ ግማሽ ከተፈታ ቤንዚኑ ከበፊቱም ጨመረ ማለት ነው። ግን ይሄ የሒሳብ ነገር ነው። ጥበብ ከሒሳብ በላይ ናት።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ይህችን ጥበብ ላመሰግን ነው። ዓለም ሁሉ ሲለካ እኛ እናዳምጣለን። ምስኪን ሐኪም እንኳ ደም ካልመረመረ፣ ግፊት ካልለካ አፉን አይከፍትም። የኛ ሰው ግን የመኪናህን ሕመም ገና ከመንገዱ ማዶ እየመጣህ ሳለ ነግሮህ ጨርሷል። እናቴም ሽሮ የምትሠራው በዓይን መጠን ነው፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። እርግጥ ሽሮ ሲያር ፒስተን አይቀልጥም።

መኪናዬ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። እንደተሠራች ብተዋት ምን አለ? አልተውኳትም። የፋብሪካ ካርቡራተሯን አስወልቄ ዌበር የሚባለውን ካርቡራተር አስገጠምኩላት። የአየር ማጣሪያዋን በክፍቱ ቀየርኩት። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አስቆረጥኩ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለመነሳት ሰዓት መሙላት አላስፈለገውም። ጩኸት ጉልበት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ጭስማ ሲጨመርበት! ከኋላ ለሚመጣው እግረኛ ያልነደደ ቤንዚን በነፃ ማደል፣ ያውም በዛሬ የቤንዚን ዋጋ፣ ቸርነት ካልተባለ ምን ይባላል?

እንግዲህ ሰይጣን አሳሳተኝ። የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ ሌላው ዘመድ ቫይታሚንና ሽቶ አዘዘው። እኔ የኦክስጅን ሴንሰር አዘዝኩት። ዋይድባንድ የሚሉትን፤ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ የአየሩንና የቤንዚኑን ልክ በቁጥር የሚናገረውን። ቦሽ የሚሠራው ኤልኤስዩ 4.9፣ ከነማሳያው። በሻንጣው ውስጥ ከሕፃን ልብስ ጋር ተጠቅልሎ መጣ። አክስቴ አየችውና «ለዚህ ብለህ ነው ልጁን ኪሎ ያስያዝከው?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሳይተርፍ ሳይጎድል ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ቁጥሩ ከዚያ ከወረደ ቤንዚን በዝቷል፤ ከወጣ አየር በዝቷል። ተረጋግተህ ስትነዳ 14.7 አካባቢ ጥሩ ነው። ነዳጁን እስከ ታች ስትረግጥ ደግሞ ሞተር ወደ 12.5 እና 13 መውረድ ይወዳል፤ ጉልበቱም እዚያ ነው፣ ትርፍ ቤንዚኑም ሙቀቱን ያበርድለታል። እስከ ታች ረግጠህ አየር ከበዛባት ግን ሞተር ይንኳኳል፤ ሲብስም ፒስተን ይበሳል።

ዘመናዊ መኪና ላይ ተገጥሞ የሚመጣው ተራው ሴንሰር አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆች 1976 ነው ቦሽና ቮልቮ ለአሜሪካ ገበያ በሚሄዱ መኪኖች ላይ የጀመሩት። እሱ እንደ ጎረቤት ነው። «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ይልሃል። በስንት ሲሉት ዝም። ዋይድባንዱ ግን ስንቱን ይናገራል፤ ከ10 እስከ 20 ድረስ ቁጥሩን ቁጭ ያደርገዋል። ለዚህም ውስጡ ያለው ማሞቂያ ወደ 780 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያግለዋል። የኛ ጆሮ ያለ ምንም ማሞቂያ ነው የሚሠራው። ንጽጽሩን ለእናንተ ትቻለሁ።

ለመግጠም ሳልዳቶር ዘንድ ሄድኩ። የጭስ ቱቦው ተበስቶ የሴንሰሩ መግቢያ ይበየድበታል። «ከታች በኩል ልበይደው፣ ለእጄ ይመቸኛል» አለኝ። ከታች አይሆንም አልኩት። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ የጋለ ሴራሚክ ላይ ውሃ ካረፈ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሴንሰሩ ከቱቦው ላይኛ ጎን መሆን አለበት፤ ከአግድሙ ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ብሎ። ሳልዳቶሩ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ለአንዲት ብሎን ነው ይሄ ሁሉ?»

በየደልኝ። ማሳያውን ከመሪው አጠገብ ሰካሁት። ያቺ «እንደ ሰዓት ናት» የተባለችው መኪና ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ቁጥሩ 11.3 አለ። እንጦጦ ዳገት ላይ ደግሞ 10.4 ደረሰች። ያ ሁሉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ፣ ካንዴላውን እያጠቆረ፣ ቀሪው ደግሞ ዳገቱን በሩጫ የሚወጡት ስፖርተኞች ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ወደ ጋሼ ተመልሼ ቁጥሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። አወለቁት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ማሽንህ የፈረንጅ አገር አየር ነው የለመደው» አሉኝ።

እንዴት ያለ አነጋገር ነው! ደግሞ ለእውነቱ እንዴት የቀረበ ነው! የፈረንጅ አገር አየር የለመደውስ አለ፤ ግን ማሽኑ አይደለም፣ ካርቡራተሩ ነው። ዌበር ሲመጣ ለቆላ አየር ተመጥኖ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ማንም ሳይነካት እንኳ ቤንዚን ይበዛባታል። ቶዮታ ራሱ ለአንዳንድ የድሮ መኪኖቹ ለከፍታ ቦታ የሚሆን ማስተካከያ ይገጥም ነበር። ያንን ማስተካከያ የት አደረስነው? ከፋብሪካው ካርቡራተር ጋር አውልቀን ጣልነው።

በዚህ መሐል ጉባኤው ተሟልቷል። የመኪና ማቆሚያው ልጅ «ካንዴላ ነው» አለ። ሊስትሮው «ፓምፑ ነው፣ የአጎቴም እንደዚህ አድርጋ ነበር» አለ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩና «የድሮ መኪና እንዲህ አልነበረም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ማሳያውን ያየ ግን የለም። ቁጥር እንኳን ድምፅ መስጠት ከነመኖሩም ተረሳ።

በመጨረሻ ጄት እንቀይር ተባለ። ጄት ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ብሎን ናት። ላይዋ ላይ ቁጥር ተቀርጾባታል፤ 135 ካለ ቀዳዳው 1.35 ሚሊ ሜትር ነው። ጋሼ ቁጥሩን አያነቡም። «ትልቁ»፣ «ትንሹ» ነው የሚሉት። እሳቸውስ ደግ ናቸው። ሶማሌ ተራ ሄደህ ጄት ከመፈለግ ይልቅ ያለውን በሽቦ ወግቶ የሚያሰፋ ባለሙያም አይቻለሁ። ፋብሪካው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የለካውን እሱ በአንድ የእጅ ውልብታ ይበልጠዋል።

ትንሹ ጄት ገባ። ሚኒሞው በጆሮ ተስተካከለ። አሁን መኪናዋ አዲስ አበባ ላይ ማር ሆነች፤ ማሳያውም ለዚያ ቀን ዝም አለ። በማግስቱ ወደ አዋሽ ወረድኩ።

አዋሽ ቆላ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው። ለአዲስ አበባ የተቀነሰው ቤንዚን እዚያ አይበቃም። መመለሻው ላይ ዳገቱን ይዤ፣ አራት ሰው ጭኜ፣ እስከ ታች ስረግጥ ቁጥሩ 15ን አለፈ። በዚህ ጊዜ ሞተር ውስጥ ጠጠር በጣሳ እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ይሰማል። ለጆሮ የተፈጠረ ድምፅ ማለት ይሄ ነው! ጋሼ ቢሆኑ ከእንቅልፋቸው ይነቁለታል። እኔ ግን አልሰማሁትም። ለምን? ማርሚታዋን አስቆርጬ የለ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለኔ ሳይሆን አይቀርም። በጆሮ የምትስተካከል መኪና ጆሮ በሚያደነቁር ጭስ ማውጫ መሸለም፤ እንዲህ ያለ የተሟላ አሠራር ሌላ አገር ይኖር ይሆን? እግሬን ያነሳሁት ቁጥሩን አይቼ ነው። ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ቁጥር የሚወዱ ወጣቶቻችንንም ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። አንዱን አውቃለሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ የሚያበሩ ሦስት ማሳያዎች ደርድሯል። የአየርና የቤንዚኑ ማሳያ ቀን ከሌሊት 14.7 ነው፤ ሲረግጥም፣ ሲቆምም፣ ሞተሩ ጠፍቶም። ሴንሰሩ ገና ከነካርቶኑ የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው።

እኔም ብሆን ከነሱ አልሻልም። አንድ ቀን ጠዋት ማሳያው 17 አለኝ። ማሽን አምላኪ ሆኛለሁና ወዲያው ቤንዚን ጨመርኩ። 16.8። አሁንም ጨመርኩ። መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች፣ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተች፤ ማሳያው ግን «አየር በዝቷል» እንዳለ ነው። ጋሼ ማዶ ካለው ካፌ ማኪያቷቸውን እየጠጡ ነበር። ከወንበራቸው እንኳ አልተነሱም።

«አንዷ አትነድም። የካንዴላ ገመዶቹን እያቸው።»

አንዱ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ያልነደደችው ሲሊንደር የሳበችውን አየር ከነኦክስጅኑ ወደ ጭሱ ትተፋዋለች። ሴንሰሩም ኦክስጅን ሲበዛበት አየር በዝቷል ይላል፤ እሳት መጥፋቱን በምን ይወቅ? እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ገመዱን ሰካሁ። ይህችን ድል ሰፈሩ እስከዛሬ ያወራታል። የሳቱባቸውን ሌሎቹን ጊዜያት የቆጠረ የለም። ቆጠራ የማሽን ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማሳያዬን በጨርቅ ሸፍኜ ነው ጋራዡ የምገባው። ለሽማግሌ ክብር ነው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። አንዱ ጎረቤታችን የሱን አስጎትቶ ጋሼ ዘንድ አመጣት። አልንቀሳቀስ ብላዋለች።

ኮፈኑ ተከፈተ። ከበብን። ካርቡራተር የለም። ካንዴላ የለም። ጋሼ ወደ ኋላ ዞረው ጭስ ማውጫውን ፈለጉ፤ እሱም የለም። ጣታቸው ለአፍታ አየር ላይ ቀረ። ተመለሱና ካቻቢቴያቸውን መዘዙ። ጫፉን ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሯቸው አገናኙ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ማንም አልተነፈሰም። መኪናዋም አልተነፈሰችም።

ቀና አሉ።

«ሚኒሞዋ ወርዷል» አሉ።

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።