እርማት፦ የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ለልብ መከላከያ አይሆንም

ወንድሜ፣ «ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ልብን ያሳምማል፤ ስለዚህ በየቀኑ አንድ ዲክሎፌናክ መዋጥ ልብን ይጠብቃል» ብለሃል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነትነት አለው። ሁለተኛው ግን ሰው ይጎዳል።

የቦስተኑ ሐኪም ዶክተር ፖል ሪድከር ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቡድናቸው አንድ ነገር አሳየ። ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምልክት በደማቸው ከፍ ያለ ጤነኛ ወንዶች፣ ቆይቶ ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ። በ2017 ደግሞ ብግነትን የሚቀንሰው፣ ካናኪኑማብ የተባለው መርፌ የሙከራ ውጤት ወጣ። ቀድሞ ልባቸውን የታመሙ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን ሳይቀንስ፣ በመካከለኛው መጠን አደጋውን በ15 በመቶ አወረደ። ግን ሴፕሲስን (ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ ኢንፌክሽን) ጨምሮ በኢንፌክሽን የሞቱት በዙ። ብግነት እኮ ጠባቂም ነው። እሾህ ሲወጋህ ቦታው የሚቀላውና የሚያብጠው ሰውነትህ እየተከላከለ ስለሆነ ነው።

በ2018 ይፋ የሆነው፣ ሜቶትሬክሴት በተባለ ሌላ ፀረ ብግነት መድኃኒት ያደረጉት ሙከራ ደግሞ ልብን አልጠቀመም። ሁሉም ፀረ ብግነት አንድ አይደለም። ዲክሎፌናክ ጭራሽ ለድንገተኛ የልብ ሕመም ያለውን አደጋ ይጨምራል፤ ጨጓራና ኩላሊትንም ይጎዳል። ሐኪም ለወገብህ ካዘዘልህ ሌላ ነገር ነው። ለልቤ ብለህ ግን እባክህ አትዋጥ። ይልቅ ደም ግፊትህን ተለካ።