ጭንቅላትን በእምነት ለምትመዝኑ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ቅር አይበላችሁ። የምቆጣው ሁለቱንም ወገን ነው።

አንደኛውን ወገን ታውቁታላችሁ። ጊቢ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ሲደርስ "የተማረ ሰው እንዴት በፈጣሪ ያምናል?" ማለት ይጀምራል። የዶርም ጓደኛው ዓርብ ለጁምዓ ሲነሳ "አንተ ደግሞ፣ ኢንጂነሪንግ እየተማርክ!" ይለዋል። ለእሱ ማመን ፋራነት ነው፤ አለማመን ነቄነት። ሁለተኛውንም ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ "እኔ እንኳ አላምንም" ያለ እንደሆነ፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ "ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል" ብሎ ዳዊትን ይወረውርበታል። "ንባብ አበዛና ጭንቅላቱ ተነካ" ይላል። "ጸበል ውሰዱት" ይላል።

ሁለቱ ተጣልተናል ይላሉ እንጂ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ "ያንተ ጭንቅላት ጎደሎ ነው።" ፈጣሪ አለ ወይስ የለም የሚለውን ዋናውን ጥያቄ ማንም አልነካውም። እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ከአንደኛው ልጀምር። "ጥናት አለኝ" የሚለው እሱ ነውና።

አዎ፣ ጥናት አለ። አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚሮን ዙከርማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ ቀደም ብለው የተሠሩ 63 ጥናቶችን ሰብስበው ገመገሙ። በአብዛኞቹ ላይ የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ውጤት ከፍ ሲል ሃይማኖተኝነት ዝቅ የማለት አዝማሚያ ታየ። የተዛምዶው መጠን፣ ማለትም ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ከ0 እስከ 1 ሲለካ፣ 0.24 ገደማ ነው፤ አቅጣጫው ወደ ታች። ይህን ቁጥር ይዞ የሚሮጠው ብዙ ነው። ስታትስቲክስ የተማራችሁ ግን 0.24ን በራሱ አባዙት። 0.06 እንኳ አይሞላም። ሰዎች በሃይማኖተኝነት ከሚለያዩበት ነገር ከመቶ ስድስት የማይሞላው ብቻ ከአይኪው ጋር ይያያዛል ማለት ነው። የቀረው 94 ያደግንበት ቤት፣ አገሩ፣ ዕድሜ፣ ጓደኛ፣ የደረሰብን ነገር ሁሉ የሚገባበት ነው። በዚህ ቁጥር ታክሲ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው "ያምናልና ደደብ ነው" ማለት አትችልም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም ግኝታቸው በምዕራቡ ዓለም፣ በተለይም በአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች ላይ የተወሰነ መሆኑን ጽፈዋል። ስለ ጎንደር ወይም ስለ ጅማ ምንም አላሉም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ የተሠራ አንድ ሙከራ ብዙ ተወርቶለት ነበር። የቀራጺውን የሮዳንን "አሳቢው" የተባለ ሐውልት ሥዕል ያዩ ተማሪዎች፣ ሥዕሉ በትንታኔ ማሰብን ስለሚያነሳሳ፣ በአምላክ ያላቸው እምነት ላላ ተባለ። ሐውልት አይቶ! እ.ኤ.አ. በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ሰው ሰብስበው ሲደግሙት ውጤቱ አልመጣም። ከዋናዎቹ አጥኚዎች አንዱ ዊል ጀርቬይስ ነው። እሱ ራሱ ድክመቱን በአደባባይ አመነ። በኋላም በ13 አገሮች በተሠራ ጥናት ተሳተፈ፤ በትንታኔ ማሰብና በአለማመን መካከል አለ የተባለው ግንኙነት ደካማና ከአገር አገር የሚዋዥቅ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ስሕተቱን ተቀብሎ ተመልሷል። የእኛ ልጆች ናቸው አሁንም የመጀመሪያውን ይዘው የቀሩት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሪቻርድ ሊን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ሁለት ጓደኞቹ የ137 አገሮችን አማካይ አይኪውና የኢአማኒዎችን (በአምላክ የማያምኑትን) ብዛት አነጻጽረው አሳተሙ። ተዛምዶው 0.60 ነው አሉ። ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል። "ብልህ ሕዝብ አያምንም" የሚሉት ሲከራከሩ የሚመዙት ይህንን ነው። ግን የየአገሩ አይኪው ከየት መጣ? ሊን ታቱ ቫንሃነን ከተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጋር ከሠራው ሰንጠረዥ ነው። የዚያ ሰንጠረዥ የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ለኢትዮጵያ የተሰጣት ቁጥር 63 ነበር።

ስድሳ ሦስት! የመለኪያው አማካይ 100 ነው። ከ70 በታች ሲሆን ባለሙያዎች የአእምሮ እድገት ውስንነት ይኖር ይሆን ብለው የሚጠረጥሩበት ነው። እንግዲህ "አማኝ ሁሉ ደደብ ነው" ለማለት ይህን የምትጠቅስ ወንድሜ፣ ሰንጠረዡ አንተንም አልማረህም። አያትህንም፣ የፊዚክስ መምህርህንም፣ ራስህንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የጣለህ። ከላይ ያለውን ተቀብለህ ከታች ያለውን ልተው አትልም።

ያ 63 ማንን ለክቶ ተገኘ? ወደ እስራኤል የገቡ 250 የቤተ እስራኤል ልጆችን ነው። ዕድሜያቸው 15 ነበር። በአዲስ አገር፣ በአዲስ ቋንቋ መሃል ተቀምጠው በቅርጽ የተሠራ እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። የእነሱ ውጤት የአንድ ሙሉ አገር ጭንቅላት ተብሎ ተመዘገበ። አዲስ አበባ አልተለካችም። ሐረር አልተለካችም። ሊን የሠራበት መንገድ በሌሎች ተመራማሪዎች ክፉኛ ተተችቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶት የነበረውን የክብር ማዕረግ ነጥቆታል። እኛ ግን ገና በእሱ ቁጥር እንሰዳደባለን።

እስቲ እንቆቅልሹን ለማያውቅ ሰው ስጡትና እዩ። የማውቃቸው አንድ መሪጌታ አሉ። ከትሪያንግልና ከክብ መካከል "የጎደለውን ምረጡ" ብትሏቸው መጀመሪያ "ምን አደርግላችኋለሁ?" ይላሉ። ግን የ2017 ዓ.ም.ን ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ አውጡ በሏቸው። ወረቀት አይጠይቁም። ከክርስቶስ በፊት ተብሎ በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2017 ይደምራሉ፤ 7517። በ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ መደብ ነው። አንድ ይነሳለታል፤ 11፣ ወንበር። ወንበሩን በ11 ያባዙታል፤ 121። በ30 ሲገደፍ (ተካፍሎ የሚተርፈው ሲያዝ) 1፤ አበቅቴ። ወንበሩን በ19 ያባዙታል፤ 209። ሲገደፍ 29፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጣ፣ ስሕተት የለም። መጥቅዕ 29 ስለሆነ መስከረም 29ን ያያሉ፤ ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር፣ 4 ነው። 29ና 4፣ 33፤ ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ሰኞ ገባች። ከዚያ 69 ቀን ቁጠር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ቡናቸው ሳይቀዘቅዝ ጨርሰዋል።

አማኞች ወንድሞቼ፣ አሁን አታጨብጭቡ። መሪጌታ ይህን የሚችሉት ስለሚያምኑ አይደለም። የማያምን ሰውም ቁጭ ብሎ ቢማረው ይችለዋል። ባሕረ ሐሳብ ሒሳብ ነው። የተማሩትን ነው የሚያውቁት። ወሎ ውስጥ ከሼኹ ሥር ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) ሲቀራ የኖረ ደረሳም እንደዚሁ ነው። የዐረብኛውን ሰዋስው ዓረብ አገር ተወልዶ ካደገው ይበልጥ ሊተነትንልህ ይችላል። የእሱም እምነት ሌላ፣ ችሎታው ሌላ ነው። እምነት ጭንቅላት አይጨምርም። አይቀንስምም።

እ.ኤ.አ. የ1979ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተመልከቱ። ሦስት ሰዎች ተካፈሉት፤ አብዱስ ሰላም፣ ስቲቨን ዋይንበርግና ሼልደን ግላሾው። ኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይልንና በአቶም እምብርት ውስጥ የሚሠራውን ደካማ ኃይል አንድ ያደረገ ንድፈ ሐሳብ ነው ያሸለማቸው። ሰላም የሚሰግድ ሙስሊም ነበር። በሽልማቱ ግብዣ ላይ ባደረገው ንግግር ከቁርኣን ጠቅሷል። ዋይንበርግ ደግሞ አለማመኑን ዕድሜ ልኩን በግልጽ የተናገረ፣ ሃይማኖትን አጥብቆ የተቸ ሰው ነው። ሁለቱ ለየብቻ እየሠሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ። ከወረቀታቸው ላይ የትኛው አማኝ እንደጻፈው፣ የትኛው ኢአማኒ እንደጻፈው ለዩ ብትባሉ መለያ የላችሁም።

የሰላም ታሪክ አላለቀም። አሕመዲያ የሚባለው ወገን አባል ስለነበረ የትውልድ አገሩ ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1974 ወገኖቹን ሙስሊም አይደሉም ብላ በሕግ አወጀች። ከሞተ በኋላ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ "ሙስሊም" የሚለው ቃል ተፍቋል። ይህን ያደረጉት ኢአማኒዎች አይደሉም።

እኛም ጋ ተገላቢጦሹን አይተናል። በደርግ ዘመን "ያልነቃ" መባል ቀላል ነገር አልነበረም። የውይይት ክበብ ተቀምጦ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም የሚያስተምር ካድሬ፣ ሃይማኖት የኋላቀርነት ምልክት ነው ይል ነበር። ብዙዎቹ ካድሬዎች ማታ ቤታቸው ገብተው ያማትቡ ነበር ይባላል፤ እሱን ተዉት። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። ሁለቱም በዕውቀታቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። "የነቃ" እና "ያልነቃ" ብሎ ሰው መደርደር እዚህ አገር የት ሊደርስ እንደሚችል የቀመሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ዛሬ የማያምን ልጅ ሁሉ ካድሬ ነው እያልኩ አይደለም። ያ ቋንቋ እንዳይመለስብን ነው።

አሁን ወደ እናንተ፣ አማኞች። የእናንተም ነገር አያምርም። የምትወዷት ታሪክ አለች። አንድ የማያምን ፕሮፌሰር ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን ያፋጥጣል። አንድ ልጅ ይነሳና "ጨለማ የሚባል ነገር የለም፣ የብርሃን አለመኖር ነው" ብሎ አፉን ያዘጋዋል። መጨረሻ ላይ "ያ ተማሪ አልበርት አይንስታይን ነበር" ትላለች። አልነበረም። ተረት ነው። አይንስታይን ጸሎት በሚሰማና በሰው ኑሮ በሚገባ አምላክ እንደማያምን ደጋግሞ ጽፏል። ኢአማኒ ሲባልም ደስ አይለውም ነበር፤ ስለዚህ ወዲህም ወዲያም አትጎትቱት። ኒውተንንስ? "ኒውተን እንኳ ያምናል!" ትላላችሁ። ያምናል። ግን ሥላሴን በምሥጢር ይክድ እንደነበር የራሱ ጽሑፎች ያሳያሉ። ኒውተን ብልህ ስለሆነ እምነቱ ልክ ነው ካላችሁ፣ ክህደቱንም ልክ ነው ልትሉ ነው። ለእምነታችሁ የሌላ ሰው አይኪው ምስክር አድርጋችሁ አትጥሩ። ምስክሩ ነገ ይከዳችኋል።

ደግሞ አስቡት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ብቻ ተደምረው ከሕዝቡ ከመቶ 95 በላይ ናቸው። እዚህ አገር የሚጠራጠር ልጅ ምን ያህል ብቻውን እንደሆነ ይገባችኋል? ብዙኃን ሆኖ ጥቂቱን "ደደብ" ማለት ጀግንነት አይደለም። የሚዘባበተው ልጅም ብዙ ጊዜ የሚዘባበተው ሰሚ ስላጣ ነው። የጠየቀውን ጥያቄ ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ መድረሳም፣ ቤትም "ዝም በል" ብለውታል። ጥያቄው ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። ክፋት ለምን አለ? ሕፃን ለምን ይሞታል? ሊቃውንቱ ራሳቸው ለዘመናት የተጨነቁበት ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከጊቢ ለዕረፍት መጥቶ "ማመን አቁሜያለሁ" ካላችሁ "ጊቢ ገብቶ ተበላሸ" ብላችሁ ለጎረቤት አታውሩ። "ምን አገኘህ? ምን አነበብክ?" በሉት። እስኪጨርስ አታቋርጡት። መልስ ካላችሁ ስጡት። ከሌላችሁም የሚያውቅ ሰው ፈልጉለት፤ ተቆጪ ሳይሆን አዋቂ። አንተም ልጁ፣ ትምህርት አልጨረሰችም ብለህ እናትህን በልብህ አትናቃት። ለምን እንደምታምን አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ጠይቃት። ይሄን ሁሉ ስትከራከር እሷን ጠይቀሃት ታውቃለህ?