እማዬን ማን ጠየቃት?

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሕመማቸው የጠና ሰዎች ገና መናገር ሲችሉ በመጨረሻ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልጉ ይጠየቁ ይላል። ልክ ነው። ግን ሐበሻ ቤት ይሄን ማንሳት ሟርት ነው።

እማዬ እዚህ ሜሪላንድ ሆስፒታል ተኝታ ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች፤ መናገር ቢያቅታት ማን ይወስንላት፣ ልቧ ቢቆም ደረቷን እንጫን ወይ፣ መተንፈሻ ማሽን ትፈልጋለች ወይ የሚል። ታላቅ ወንድሜ ኮሪደር ላይ አስቆማትና "እሷ ፊት እንዳታነሺው" አላት። አስተርጓሚዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ ካንሰሩን "ቁስለት" ብዬ የተረጎምኩት ጉደኛ። በኋላ ማሽን ላይ ስትሆን አራት ልጆች ተጣላን፣ አንዷ ከአዲስ አበባ በስልክ።

አሜሪካ ውስጥ እኮ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ሆስፒታሎች ስለ ሕክምናው አስቀድሞ የመወሰን መብት እንዳለው ለታካሚው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ሐኪሙ ለዚህ ውይይት ለሚያጠፋው ጊዜ ይከፍላል። ወረቀቱን ለመሙላት ጠበቃም አያስፈልግም። ሜሪላንድ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ወኪሉ፣ ማለትም እንዲወስን የተመረጠው ሰው፣ ራሱ ግን ምስክር መሆን አይችልም። ሐሳብ ከተቀየረም ወረቀቱን መሻር ይቻላል።

ስትሞት ሻንጣዋን ከፈትን። መገነዣዋን ገዝታ፣ አጣጥፋ፣ በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣለች። እኛ ደግሞ እንዳትሰማ ኮሪደር ላይ ስንንሾካሾክ ከርመናል።

አባባን ባለፈው ፋሲካ ቡና ላይ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። "ማሽን ይቅርብኝ፣ የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ" አሉና ስኒያቸውን ለሁለተኛው ዘረጉ።