መንጃ ፈቃድ ከወጣ በኋላስ?

ስለ ሞተር ብስክሌት አደጋ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ አደጋውን ከፍጥነት ጋር ብቻ አያይዞታል። እኔን ግን የየቀኑ ልማዳችን ይበልጥ ያሳስበኛል። እዚህ እንግሊዝ ፖሊስ የሚመራው ባይክሴፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሞተረኛው እንደወትሮው ይነዳል፤ አነዳዱን የሚገመግም ተመልካች ከኋላ ይከተለዋል። ኩርባ ላይ ዓይኑ የት ነው? መስመር ሲቀይር አንገቱን ዞር አድርጎ ያያል? ከፊቱ ካለው መኪና በቂ ርቀት አለው? ርቀቱ በጊዜ ሲለካ በደረቅ መንገድ ቢያንስ 2 ሰከንድ፣ በዝናብ 4 ሰከንድ ነው የሚመከረው። ከዚያ ቁጭ ብለው ያወሩበታል። አልፈሃል ወይም ወድቀሃል የሚል ውጤት የለም።

ፈተና ለሚፈልግ ሮስፓ የሚባል የአደጋ መከላከል ድርጅት አለ። ወርቅ፣ ብር ወይም ነሐስ ደረጃ ይሰጣል፤ በየ3 ዓመቱም እንደገና ይፈትናል። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። ልማድ ሳይታወቅ ነዋ የሚበላሸው! ዴሊቨሪ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናችሁና እባካችሁ ተመዝገቡ።