ከመሣሪያው ይልቅ አርታኢው ይቅደም

አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ አሳታሚ ድርጅት ጋር የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን በዲጂታል ሚዲያ ለማብቃት መስማማቱን አነበብኩ። ውጥኑ መልካም ነው፤ ሆኖም ዘገባው ስለሚለገሱት ካሜራዎች ሲያብራራ፣ የተማሪዎቹን ሥራ ማን እንደሚያርም አልገለጸም። ደሴ ፒያሳ ላይ በባጃጅ ጡሩምባ መሀል ቃለ መጠይቅ በስልኩ የቀረጸ ተማሪ፣ የተናጋሪው ድምፅ እንደተዋጠ የሚነግረው፣ ፎቶው መቼና የት እንደተነሣ የሚያፋጥጠው፣ ጽሑፉንም አርሞ የሚመልስለት ልምድ ያለው አርታኢ ያስፈልገዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ያልተጣራ ወሬ በፌስቡክና በቴሌግራም እየተዛመተ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስጨነቀ የአካባቢው ሰው አይዘነጋውም። አሳታሚው የተማሪዎቹን ዘገባ በስማቸው ቢያወጣና (ያለ ክፍያ እንዳያሠራቸው አደራ) ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ኑሮም ቋሚ ዓምድ ቢመድብ እመርጣለሁ።